ከኦሊምፒክ የወጡ ውድድሮች

ዘመናዊው ኦሊምፒክ በ1896 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ካልተገለጸ በቀር እንዲሁ) አቴንስ ላይ ሲጀመር፣ የትኛው ጨዋታ ለሜዳሊያ እንደሚበቃና የትኛው የሠፈር መዝናኛ ሆኖ እንደሚቀር የሚወስን ደንብ አልነበረም። አዘጋጁ የወደደውን ይጨምራል፣ ያልወደደውን ይተዋል። በአቴንስ ከማራቶኑና ከዲስከስ ውርወራው ጋር፣ ለግሪክ ባሕር ኃይል መርከበኞች ብቻ የተፈቀደ የ100 ሜትር ዋና ነበረ። የቀረቡት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ኢዮአኒስ ማሎኪኒስ አሸነፈ። 14 ሜትር ርዝመት ያለውን ገመድ በእጅ የመውጣት ውድድርም ተካሂዶ፣ ከአምስቱ ተወዳዳሪዎች ጫፍ የደረሱት ሁለት ግሪኮች ብቻ ሆኑ።

ይህ ልቅ አሠራር ለ30 ዓመት ያህል ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ገብተው ከወጡት ውድድሮች ብዙዎቹ ዛሬ ሲሰሙ ፈገግ ያሰኛሉ። ይሁንና ሁሉም የቀልድ አልነበሩም፤ ከጸኑት ጋር ቢነጻጸሩ የማያንሱም ነበሩባቸው። አንዱ የወጣው ፀሐይ ስለበረታች፣ ሌላው ደግሞ የሚሟገትለት ማኅበር ስላልነበረው ነው።

የልቅነቱ ጫፍ የ1900ው የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ውድድሩ የተካሄደው በዚያው ዓመት ከተማዋ ካዘጋጀችው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ጋር ተቀላቅሎ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ከአምስት ወር በላይ ተበታትኖ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ በኦሊምፒክ መካፈላቸውን እንኳ አላወቁም። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት አቦት በሴቶች ጎልፍ አንደኛ ወጥታ፣ የኦሊምፒክ ባለድል መሆኗን ሳትሰማ በ1955 ሞተች። የክሮኬት ጨዋታውን ገንዘብ ከፍሎ የተመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር ይባላል። በክሪኬት የተገናኙት ሁለት ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ፈረንሳይን ወክለው ከብሪታኒያ ጋር የገጠሙት አብዛኞቹ ራሳቸው እዚያው የሚኖሩ እንግሊዛውያን ነበሩ።

ዋናው የተካሄደው በሴን ወንዝ ላይ ነው። የ200 ሜትር መሰናክል ዋና የሚሉት ውድድር ነበር፤ ዋናተኛው መጀመሪያ ምሰሶ ይወጣል፣ ቀጥሎ በተደረደሩ ጀልባዎች ላይ ይሻገራል፣ በመጨረሻም በሌሎች ጀልባዎች ሥር ጠልቆ ያልፋል። አውስትራሊያዊው ፍሬደሪክ ሌን አንደኛ ወጣ። በውኃ ውስጥ ጠልቆ የመዋኘት ውድድርም ነበረ፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ዴንማርካዊው ፔደር ሊኬበርግ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ፣ ለ90 ሰከንድ፣ ሳይወጣ ቆየ። ነገር ግን አቅጣጫው ጠፍቶት ይዞር ስለነበረ የተቆጠረለት ርቀት 28.5 ሜትር ብቻ ሆነ፤ ወርቁንም 60 ሜትር የዋኘው ፈረንሳዊው ሻርል ደቫንድቪል ወሰደ። ተመልካችን በተመለከተ ግን ይህ ውድድር ከመነሻው የታመመ ነበር፤ ሕዝቡ ከላይ ሆኖ የሚያየው የወንዝ ውኃ ብቻ ነውና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በሕይወት ያሉ ርግቦችን የመተኮሱ ውድድር ነው። ርግቦቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፣ ተኳሹም ይጥላቸዋል። ቤልጅማዊው ሌዮን ደ ሉንደን 21 ርግብ ገድሎ አሸነፈ። በጠቅላላው የተገደሉት ወደ 300 የሚጠጉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ዒላማው የሸክላ ሆነ፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህ ውድድር በኦሊምፒክነት ይቆጠር አይቆጠር እያሉ ይከራከሩበታል።

በ1904 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ የተደረገው ኦሊምፒክም የኤግዚቢሽን ተቀጽላ ነበር። የዚህ ዓመት ልዩ ነገር ጠልቆ የመንሳፈፍ ውድድር ነው። ተወዳዳሪው ከዳር ቆሞ ወደ ገንዳው ይወረወራል፣ ከዚያ በኋላ እጁንም እግሩንም ሳያንቀሳቅስ ውኃው እስከወሰደው ድረስ ይሄዳል። 60 ሰከንድ ሲሞላ ወይም ራሱ ከውኃ ብቅ ሲል ርቀቱ ይለካል። አምስቱም ተወዳዳሪዎች አሜሪካውያን ሲሆኑ ዊልያም ዲኪ በ19.05 ሜትር አሸነፈ። ጨዋታው በእንግሊዝ ከ1883 ጀምሮ ብሔራዊ ሻምፒዮና የሚደረግበት የተከበረ ነገር ነበር። ጉዳቱ፣ ከጡንቻ ይልቅ ክብደት የሚጠቅምበት መሆኑ ነው፤ ወፍራም ሰው የመጀመሪያውን ግፊት ይዞ ይርቃል። ሳይንቀሳቀሱ የሚያሸንፉበት ስፖርት ለዋና አሠልጣኞችም ለተመልካችም አልጣመም፤ በኦሊምፒክም ሁለተኛ አልታየም።

በዚያው በሴንት ሉዊስ ጆርጅ አይሰር የተባለ ጀርመን የተወለደ አሜሪካዊ ጂምናስት በአንድ ቀን ስድስት ሜዳሊያ፣ ከነዚህም ሦስት ወርቅ አገኘ። ከወርቆቹ አንዱ በገመድ መውጣት የተገኘ ነው። የአይሰር አንድ እግር የእንጨት ነበር። ገመድ መውጣት እስከ 1932 ድረስ ብቅ ጥልቅ እያለ ቆይቶ ቀረ።

ያለ መንደርደር፣ ከቆሙበት የሚዘለሉት ዝላዮች ግን ሲወጡ ያሳዝናሉ። ርዝመትም ከፍታም ሱሉስም ነበሩ። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት የነበረው አሜሪካዊው ሬይ ዩሪ ከ1900 እስከ 1908 ድረስ በእነዚህ ዝላዮች ስምንት ወርቅ ሰበሰበ፤ በ1906 በአቴንስ በተደረገው ተጨማሪ ውድድር ያገኛቸው ሁለቱ ሲደመሩ አሥር ይሆናሉ። በሴንት ሉዊስ ከቆመበት 3.47 ሜትር ተወንጭፏል። ውድድሮቹ ከ1912 በኋላ ሲሰረዙ የእርሱ ስምም አብሮ ተረሳ። መሥፈርቱ ወርቅ ቢሆን ኖሮ ዩሪ ዛሬ ከታላላቆቹ ሯጮች ጋር በአንድ ትንፋሽ በተጠራ ነበር።

ከወጡት መካከል ረጅም ታሪክ ካላቸው አንዱ ገመድ ጉተታ ነው። ከ1900 እስከ 1920 ድረስ በአምስት ኦሊምፒኮች የአትሌቲክስ አካል ሆኖ ቆይቷል። በፓሪስ ያሸነፈው የዴንማርክና የስዊድን ሰዎች የተቀላቀሉበት ቡድን ነበር። ሰው ጎድሏቸው ስለነበር ጉዳዩን ለጋዜጣ ሊዘግብ የመጣውን ዴንማርካዊ ጋዜጠኛ ኤድጋር ኦብዬን ገመድ አስያዙት፤ ዘጋቢው የወርቅ ባለቤት ሆኖ ተመለሰ። በ1904 አሜሪካ ሦስቱንም ደረጃ በክለቦቿ ያዘች።

በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ብሪታኒያ ያሰለፈቻቸው ሦስቱም ቡድኖች ፖሊሶች ነበሩ፦ የሲቲ ኦቭ ለንደን፣ የሊቨርፑልና የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ኬ ክፍል። አሜሪካውያኑ ከሊቨርፑል ጋር ሲገጥሙ በሰከንዶች ውስጥ ተጎትተው ተሸነፉ። ከዚያ ጫማው ጉዳይ ሆነ። ፖሊሶቹ የተጫሙት ብረት የገባበት ከባድ ቡት ስለነበር መሬቱን ነክሶ ይይዝላቸው ነበር፤ የአሜሪካውያኑ ግን ተራ ጫማ ነው። አቤቱታ ቀረበ። ፖሊሶቹም ይህ በየቀኑ ለጥበቃ የምንወጣበት የሥራ ጫማችን ነው ብለው መለሱ። ዳኞቹ አቤቱታውን አልተቀበሉትም፤ አሜሪካውያኑም ገመዱን ጥለው ወጡ። ከፖሊሶቹ ወገን በኋላ፣ ከፈለጋችሁ በካልሲ ብቻ እንጎተት የሚል ጥሪ ቀርቦ ነበር። ሜዳሊያዎቹን ሦስቱ የፖሊስ ቡድኖች ተከፋፈሉ። ነገሩ በዚያ ኦሊምፒክ በሁለቱ አገሮች መካከል ከተነሱት በርካታ ጭቅጭቆች አንዱ ቢሆንም፣ ገመድ ጉተታን በሚመለከት አንድ እውነተኛ ክፍተት አሳይቷል። የጫማ ዓይነት፣ የመሬት ሁኔታ፣ የቡድን ክብደት የሚባሉትን የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም።

በ1912 በስቶክሆልም ለውድድሩ የቀረቡት ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ የስዊድን ቡድን የለንደኑን ፖሊስ አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። በ1920 በአንትወርፕ ብሪታኒያ አንደኛ፣ ኔዘርላንድስ ሁለተኛ፣ ቤልጅየም ሦስተኛ ወጡ። ያ የመጨረሻው ሆነ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በነዚያ ዓመታት መርሐ ግብሩን ከአዘጋጅ ከተሞች እጅ አውጥቶ ለራሱና ለየስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እየሰጠ ነበር። ፌዴሬሽን ያለው ተከራክሮ ቀረ፣ የሌለው ወጣ። ገመድ ጉተታ የራሱን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው በ1960 ነው፤ 40 ዓመት ዘግይቶ። ዛሬ የሚታየው ኦሊምፒክ ያልያዛቸው ስፖርቶች በሚካሄዱበት የዓለም ጨዋታዎች ላይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በሠራተኞች የስፖርት ውድድር ላይ የሚዘወተር ነው።

ከስፖርት ጭራሽ የራቀም ነበረ። የኦሊምፒክ አባት የሚባለው ፒየር ደ ኩበርተን የጥንት ግሪኮች አካልና ጥበብን አጣምረው ያከብሩ ነበር ብሎ ስለሚያምን፣ ከ1912 እስከ 1948 ድረስ በሥነ ሕንፃ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በሙዚቃ፣ በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ሜዳሊያ ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያውን የሥነ ጽሑፍ ወርቅ የወሰደው ስለ ስፖርት የተጻፈ አንድ ግጥም ነው። ደራሲዎቹ ሁለት ናቸው ተብሎ ቢቀርብም ሁለቱም ስሞች የኩበርተን የብዕር ስሞች ነበሩ። በ1924 አየርላንዳዊው ሠዓሊ ጃክ በትለር ዬትስ ስለ ዋና በሣለው ሥዕል የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ ይህም አገሩ ነጻ ከወጣች በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በ1948 እንግሊዛዊው ጆን ኮፕሊ በ73 ዓመቱ ብር ወስዷል። ውድድሩን የገደለው አማተርነት የሚባለው ደንብ ነው፦ አትሌት ከስፖርቱ ገንዘብ ማግኘት አይችልም ከተባለ፣ ሥዕሉን ሸጦ የሚኖር ሠዓሊ እንዴት ይወዳደራል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ያው ደንብ በኋላ ለአትሌቶችም ተሽሯል፤ ጥበቡ ግን አልተመለሰም።

ፌዴሬሽኖች ከገቡ በኋላም እንግዳ ነገር ጨርሶ አልቀረም። ከ1984 እስከ 1992 በተደረጉት ሦስት ኦሊምፒኮች የተቀናጀ ዋና በነጠላ ተወዳዳሪ ይካሄድ ነበር፤ ዋናተኛዋ ከሙዚቃው በቀር የምትቀናጀው ሰው የላትም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ግን አገር አቋራጭ ነው። ይህ ሩጫ በ1912፣ በ1920 እና በ1924 የኦሊምፒክ ውድድር ነበር፤ የወጣውም በአንድ ቀን ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ሐምሌ 12 ቀን 1924 በፓሪስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር። 10.65 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በሴን ወንዝ አቅራቢያ አረምና ድንጋይ በበዛበት ሜዳ ያልፋል፤ በዚያም ላይ አጠገቡ ካለው የኃይል ማመንጫ ጭስ ይነፍስ ነበር። 38 ሯጮች ተነሥተው 15 ብቻ ጨረሱ። የቀሩት በየመንገዱ ወደቁ፤ ስታዲየም ከደረሱትም መካከል አቅጣጫ የጠፋቸው ነበሩ። ፊንላንዳዊው ሄይኪ ሊማታይነን መድረሻው አጠገብ ሲደርስ የጨረሰ መስሎት ቆመ፤ ቡድኑ ወርቅ የሚያገኘው እርሱ ከገባ ብቻ ነበርና እየተንገዳገደ ተመልሶ ጨረሰ።

በዚያ ሁሉ መካከል ፓቮ ኑርሚ ምንም ያልነካው ይመስል ቀድሞ ገባ፤ ሁለተኛውን ቪሌ ሪቶላን ከአንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በላይ በልጦታል። ኑርሚ ከሁለት ቀን በፊት 1500 ሜትርና 5000 ሜትርን በአንድ ቀን አሸንፎ ነበር። በአገር አቋራጩ ማግሥትም እንደገና ሮጦ በ3000 ሜትር የቡድን ውድድር ወርቅ ወሰደ። ባለሥልጣናቱ ያዩት ግን ኑርሚን ሳይሆን በቃሬዛ የሚጓዙትን ነው፤ አገር አቋራጭ ለበጋ የማይሆን አደገኛ ውድድር ተብሎ ተሰረዘ። ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማምጣት ወይም መንገዱን መቀየር ይበቃ ነበር ብሎ መከራከር አይከብድም፤ ማራቶን ከዚያ በፊትም በኋላም ስንት ሰው ጥሎ አልተሰረዘም።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1956 (በ1949 ዓ.ም.) በሜልቦርን ነው፤ ያን ጊዜ አገር አቋራጭ ከወጣ 32 ዓመት ሆኖታል። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በ1973 ተጀመረ፤ ኢትዮጵያውያንም በ1981 በማድሪድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረቡ። ከፊት ሆነው ሲመሩ ዙር ተሳስቷቸው፣ አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻውን ፍጥነታቸውን አውጥተው ቆሙ። መሐመድ ከድር ስሕተቱን ሲረዳ እንደገና ተነሥቶ ከአሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ በቡድን ግን ወርቁ የኢትዮጵያ ሆነ። ደራርቱ ቱሉ በ1995፣ በ1997 እና በ2000 አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ወሰደ፤ የ2008ቱ ሲጨመር በአዋቂዎች የግል ድሉ 11 ሆነ። ይህን የመሰለ የበላይነት አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላስገኘለትም፤ የኦሊምፒክ ወርቆቹ በሙሉ የመም ሩጫ ናቸው።

ለማስመለስ ሙከራ ተደርጓል። በ2008 ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት አገር አቋራጭ በክረምት ኦሊምፒክ እንዲገባ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፉ። የኦሊምፒክ ቻርተር ለክረምቱ ጨዋታዎች በበረዶ ላይ የሚደረጉ ስፖርቶችን ብቻ ስለሚቀበል ሐሳቡ አልሄደም። በ2018 በቦነስ አይረስ በተደረገው የወጣቶች ኦሊምፒክ አገር አቋራጭ ተካሄደ። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ወንዶችና ሴቶች የሚቀባበሉበት የአገር አቋራጭ ዱላ ቅብብል ቀርቦ ነበር፤ መቶ ዓመት ሲሞላ ወደ ወጣበት ከተማ ይመለስ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በታኅሣሥ 2020 አልተቀበለውም።