ሌየር፦ «ንብር» ብንለውስ?

ንብር፦ በዲጂታል ካርታ ላይ አንድ ዓይነት መረጃ ብቻ የያዘ፣ ለብቻው ሊበራና ሊጠፋ የሚችል ገጽ፤ ባለሙያዎች «ሌየር» የሚሉት። ንብሮችን ደርቦ ማየት «ማነባበር» ይባላል።

አነባበሮ የበላ ሰው ለቃሉ እንግዳ አይደለም። አንዱ እንጀራ ቅመም የገባበት ቅባት ይቀባና ሌላው ይደረብበታል፤ ሲቆረስ ሁለቱም ይታያሉ። ዲጂታል ካርታም ወንዙን በአንድ ንብር፣ መንገዱን በሌላ፣ እርሻውን በሦስተኛ ይይዛል። በወረቀት ካርታ ላይ ግን ሁሉም አንድ ላይ ስለታተመ መነጠል አይቻልም። «ሽፋን» የሚሉም አሉ፤ ሽፋን ግን ከሥሩ ያለውን ይደብቃል።

ክፍል ውስጥ እንየው። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ተማሪዎች በጉግል ኧርዝ የ1980ዎቹን የሳተላይት ምስል ከፍተው የሐይቁን ዳርቻ በመስመር ይከባሉ፤ አንድ ንብር ሆነ። በቅርቡ ምስል ላይ ይደግሙታል፤ ሁለት ሆነ። ሲያነባብሯቸው በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቦታ ውሃው የዋጠው መሬት ነው።

የሳይንስ መምህሩ ከሐይቁ ጎን ያለውን የመስኖ እርሻ ንብር አብርተው «ውሃው ከየት መጣ?» ይላሉ። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርቷ ደግሞ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መንገድና የሰፈሮቹን ንብር አክለው «ማን ግጦሹን አጣ? መንገዱስ ለምን ከፍ ተደርጎ ተሠራ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሐይቁ አንድ፣ ትምህርቱ ሁለት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ እርሻና ሐይቅ ጎን ለጎን መታየታቸው ብቻውን አንዱ ሌላውን አመጣ አያሰኝም። ተመራማሪዎች ከመስኖ የሚተርፈውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ከከርሰ ምድር የሚመነጨውንም ይጠቅሳሉ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ደግሞ ከሰማይ በተነሣ ምስል አይታይም። ንብር ጥያቄውን ያነሣል፤ መልሱ ልኬት ይፈልጋል።

ለሙከራ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። መምህራን፣ «ንብር»ን በየክፍላችሁ ሞክሩት፤ ለተማሪው አፍ ካልገጠመ የተሻለ ቃል አምጡ።