የቫይዘር አምሳያ

የቫይዘር አምሳያ «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄነሬሽን» በተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ጆርዲ ላ ፎርጅ የተባለው ገጸ ባሕርይ ዓይኑ ላይ የሚያደርገውን መሣሪያ አስመስሎ በእጅ የሚሠራ ቁስ ነው። ቫይዘር ከአንዱ የጆሮ ግንድ እስከ ሌላው የሚደርስ፣ እንደ ቀስት የታጠፈና ፊት ለፊቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩ ቀጫጭን ዘንጎች የተሸፈነ ነው። ለቴሌቪዥንና ለፊልም የተሠሩ አልባሳትንና ቁሳቁሶችን አስመስሎ መሥራት በብዙ አገሮች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከእነዚህ ቁሳቁሶች መካከል ቫይዘር በትንሽ ወጪ፣ ያለ ልዩ ማሽን፣ እንደ ወልድያና መርሳ ባሉ ከተሞች በሚገኙ ዕቃዎች ሊሠሩ ከሚችሉት አንዱ ነው።

ዋናው ቁስ

ድራማው በአሜሪካ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ሲሆን እስከ 1994 ድረስ በሰባት ምዕራፎች 178 ክፍሎች ቀርበዋል። ታሪኩ የሚካሄደው በ24ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ላ ፎርጅ ከውልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው፤ ቫይዘሩ ግን በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሮማግኔቲክ ጨረር ተቀብሎ ወደ አንጎሉ ስለሚልክለት ሌሎች ሰዎች የማያዩትን ሙቀትና የሬዲዮ ሞገድ ጭምር ያያል። የገጸ ባሕርዩ ስም የተወሰደው ከጆርጅ ላ ፎርጅ ነው። ይህ ሰው በጡንቻ መዳከም በሽታ ምክንያት አካል ጉዳተኛ የነበረና እ.ኤ.አ. በ1975 ያረፈ የመጀመሪያው ስታር ትሬክ አፍቃሪ ነበር።

ገጸ ባሕርዩን የተጫወተው ሌቫር በርተን ነው። «ሩትስ» በተባለው የ1977 ድራማ ወጣቱን ኩንታ ኪንቴን ሆኖ የተወነው እሱ ስለሆነ ብዙ ተመልካቾች መልኩን ያውቁታል፤ በስታር ትሬክ ላይ ግን ዓይኑ ስለተሸፈነ ወዲያው ላይለዩት ይችላሉ።

የቫይዘሩ መነሻ ሐሳብ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ አልነበረም። የድራማው የሥዕል ባለሙያ ማይክል ኦኩዳ ይዞ የመጣው ሴቶች ፀጉራቸውን የሚይዙበት ጥርስ ያለው ተራ የፕላስቲክ ማስያዣ ነበር። ይህ ለሳይንስ ልብ ወለድ ቴሌቪዥን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በተጀመረው በቀደመው ስታር ትሬክ ላይ የሐኪሙ የሕክምና መሣሪያ ሆነው የሚታዩት ዕቃዎች መጀመሪያ የተገዙት ለአንድ የምግብ ትዕይንት የጨው መነስነሻ እንዲሆኑ ነው። መልካቸው እንግዳ ስለሆነ ተመልካቹ የጨው ዕቃ መሆናቸውን አያውቅም ተብሎ ወደ ሐኪሙ ሣጥን ገቡ። በእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ላይ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚታዩት ዳሌክ የተባሉ ፍጡራን አንዱ ክንዳቸው የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ሲደፈን የሚከፈትበት ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 «ሬዲዮ ታይምስ» የተባለው መጽሔት ስለ ድራማው ባወጣው ልዩ እትም ዳሌክን ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስችል ንድፍ ታትሞ ስለነበር፣ አምሳያ መሥራት ብዙ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የአምሳያ ሠሪ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን ነገር በምን ቴክኖሎጂ ሠሩት?» ሳይሆን «ከየትኛው ሱቅ ገዙት?» መሆን አለበት። መልሱ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም።

መነጽር ይሻላል ወይስ ሽጉጥ?

አብዛኞቹ ጀማሪዎች መሥራት የሚፈልጉት የጨረር ሽጉጥ ነው። በሰሜን ወሎ ይህ ምርጫ አይመከርም። ወልድያና ሀብሩን ጨምሮ አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ምክንያት በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። የጦር መሣሪያን የሚመለከት አዋጅ (ቁጥር 1177/2012) መኖሩ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ኬላ ላይ የቆመ ሰው በርቀት የሚያየው ነገር ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ መሆኑን ሊያውቅ አለመቻሉ ነው። ብር ቀለም የተቀባ፣ ቀይ መብራት የሚያበራ፣ እጀታ ያለው ዕቃ በቦርሳ ይዞ መንገድ መሄድ ጨዋታ አይደለም። ፊት ላይ የሚደረግ፣ የማንንም መሣሪያ የማይመስል መነጽር ይህን ሥጋት አያመጣም።

አሠራር

ልኬቱ የሚጀምረው ከሠሪው ራስ ነው። በክር ከአንዱ የጆሮ ግንድ በግንባር በኩል እስከ ሌላው ይለካል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት የፊት ለፊቱ ቀስት ርዝመት 18 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይወስዳል።

ለአካሉ የሚሻለው 160 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የፒቪሲ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው፦ ከዚህ ቱቦ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ቀስት ሲቆረጥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 14.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለብዙ ሰው ፊት የሚስማማ ስፋት ነው። የተገኘው 110 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ከሆነ ቁራጩን በፈላ ውኃ አለስልሶ በ16 ሴንቲ ሜትር ድስት ዙሪያ ጠቅልሎ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ፒቪሲ የሚለሰልሰው 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። በከሰል ወይም በሻማ ነበልባል ማሞቅ ግን ክልክል ነው፤ ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በየቤቱ ስለማይጠፋ ቢጫውን ጀሪካን ይቆርጣሉ። ጀሪካን የሚሠራው ከፖሊኤትሊን ሲሆን ይህ ፕላስቲክ ሱፐር ግሉንም ቀለምንም አይዝም። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል።

ከቱቦው ላይ 27 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ቀስት በሴጌቶ ይቆረጣል። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ሆነው ይቀራሉ፤ መካከሉ 17 ሚሊ ሜትር መስኮት ሆኖ ይከፈታል። መስኮቱን ከመክፈት በፊት ግን የጥርሶቹ ቦታ መሰንጠቅ አለበት፤ መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ጠርዞቹ ስለሚወዛወዙ መጋዙ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በውጪው ፊት ላይ በየ3 ሚሊ ሜትሩ በእርሳስ መስመር ተሰምሮ፣ እያንዳንዱ መስመር ከላይ እስከ ታች በ1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በሴጌቶ ይሰነጠቃል። 180 ለ3 ሲካፈል 60 ጥርስ ማለት ነው። ሥራው ያሰለቻል፤ ቢሆንም የአምሳያው መልክ የሚወሰነው በእነዚህ ስድሳ መስመሮች ቀጥተኛነት ነው።

ለጥርሶቹ ከሲም ካርድ ጋር የሚመጣው ትልቁ ካርድ ተስማሚ ነው። ስፋቱ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሴጌቶ ምላጭ የሚተወው ስንጥቅም ከዚህ ብዙ ስለማይበልጥ ካርዱ ገብቶ ይያዛል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 27 ሚሊ ሜትር ቁመት ባላቸው ቁርጥራጮች ሲከፋፈል ከአንድ ካርድ 28 ጥርስ ይወጣል። ሲሙ የወጣበት ቀዳዳ የሚያስቀረውን ተቀንሶ ሦስት ካርድ ለ60 ጥርስ ይበቃል። እያንዳንዱ ጥርስ በአንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ተለጥፎ ሲደርቅ ሁሉም በሞረድ በአንድ ደረጃ ይስተካከላሉ።

በአፍንጫ ላይ የሚያርፈው ቦታ በግማሽ ክብ ተቦርቡሮ የውስጥ ጠርዙ በስፖንጅ ይሸፈናል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በርተን ራሱ በዋናው ቫይዘር ጥብቀት ምክንያት ራስ ምታት እንደነበረበት ተናግሯል። ለመያዣ የአሮጌ መነጽር ክንድ ወይም የልብስ ላስቲክ ይሆናል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት መላ አካሉ በ240 ከዚያም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ፕላስቲክ የሚይዝ የመሠረት ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ብርማው ስፕሬ በሦስት ወይም በአራት ስስ ዙር ይነፋል። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የተነፋ ቀለም በጥርሶቹ መካከል ተንጠባጥቦ ክፍተቶቹን ይደፍናል። ሥራው በረንዳ ወይም ደጅ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ የዶርም ክፍል ውስጥ ስፕሬ መንፋት አብሮ አዳሪን ማሳመም ነው።

መብራት የሚፈልግ ሰው በሁለቱ ጫፎች አንዳንድ ትንሽ ቀይ ኤልኢዲ ሊያስገባ ይችላል። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ስለሚወስድ፣ ባለ 3 ቮልቱ ሳንቲም መሰል ባትሪ ሲአር2032 ከ220 ኦም ሬዚስተር ጋር ለእያንዳንዱ 4.5 ሚሊ አምፒር ያህል ይሰጣል። ለሁለቱ 9 ሚሊ አምፒር ማለት ነው፤ 220 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በስሌት ወደ 24 ሰዓት፣ በተግባር ከዚያ ያነሰ ያበራል። ሬዚስተሩና ሽቦው በስታኞ ይበየዳሉ። የስልክ ባትሪ ከጆሮ ግንድ አጠገብ ማሰር አያስፈልግም። የሳንቲም ባትሪ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮን በሰዓታት ውስጥ ስለሚያቃጥል ማስቀመጫው በብሎን የሚዘጋ መሆን አለበት።

በአምሳያው ማየት

ጥርሶቹ በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ቆመው እያንዳንዳቸው 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሚጋርዱ፣ ፊት ለፊት ከሚመጣው ብርሃን ሦስት አራተኛው ያልፋል። ወደ ጎን ሲታይ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ክፍተቱ 2.24፣ ጥልቀቱ 6 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከ20 ዲግሪ ትንሽ አልፎ የሚመጣ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይታገዳል። በርተን ዓይነ ስውርነቱ የሚድንለትን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት፣ መሣሪያውን ባደረገ ቁጥር አብዛኛውን የእይታ መስኩን ያጣ ነበር። ይህ ምፀት ለአምሳያ ሠሪውም ይደርሰዋል፦ መርሳን አቋርጦ በሚያልፈው የአዲስ አበባ–መቀሌ መንገድ ላይ ቫይዘር አድርጎ ባጃጅና የጭነት መኪና መካከል መሻገር ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። አምሳያው ለመድረክ፣ ለፎቶና ለክፍል ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ፈርስት ኮንታክት» ፊልም ላይ ቫይዘሩ ቀርቶ ላ ፎርጅ ሰው ሠራሽ ዓይን እንዲኖረው ተደርጓል።

ከልብ ወለድ ውጪ ቫይዘርን የሚያስታውሰው አርገስ 2 የተባለው መሣሪያ ነው። መነጽር ላይ የተገጠመ ካሜራ የሚያየውን፣ ዓይን ውስጥ በተተከሉ 60 ኤሌክትሮዶች አማካይነት ለሬቲና ያቀብል ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቅዶታል። አምራቹ ድርጅት ግን በ2019 ማምረቱን ስላቆመ መሣሪያው የተተከለላቸው ሰዎች ጥገና አጥተው ቀርተዋል። በአማራ ክልል ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉት ሕመሞች አንዱ ትራኮማ ሲሆን፣ እሱ የሚያጠፋው የዓይንን የፊት ክፍል፣ ማለትም ኮርኒያን፣ ስለሆነ በሬቲና ላይ የሚሠራ መሣሪያ አይመለከተውም። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ መድኃኒትና የወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ናቸው የሚያስፈልጉት። ቫይዘርን ለብሶ በዓይነ ስውር ሰው ላይ ማላገጥም ገጸ ባሕርዩ ከተፈጠረበት ሐሳብ ጋር ይጣላል፤ ላ ፎርጅ የመርከቢቱ ዋና መሐንዲስ ነው።

የቅጂ መብት

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ማዘጋጀትን፣ ከተወሰኑ ገደቦች ጋር፣ ይፈቅዳል። አባዝቶ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ጥያቄ በውጭ አገር ፍርድ ቤት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው «ስታር ዋርስ» የወታደሮቹን የራስ ቁር ያመረተው አንድሩ አይንስወርዝ ከዓመታት በኋላ በራሱ ሻጋታ እያመረተ መሸጥ ሲጀምር ሉካስፊልም ከሰሰው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2011 የራስ ቁሩ «ቅርጻ ቅርጽ» አይደለም፣ ለፊልሙ የሚያገለግል መገልገያ ነው በማለት በአገሪቱ ሕግ የቅርጻ ቅርጽን ረጅም ጥበቃ ነፈገው። ውሳኔው ለእንግሊዝ ብቻ ነው።

የአምሳያ ሠሪዎችና የስቱዲዮዎች ግንኙነት ግን ሁልጊዜ ጠብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው «ዘ ማንዳሎሪያን» ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቀረጻ ላይ የወታደር ልብስ ሲያጥር፣ አዘጋጆቹ 501ኛው ሌጅን የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተ የአፍቃሪዎች ማኅበር አባላት ራሳቸው የሠሩትን ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ጠርተዋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከዚህ ጉዳይ ጋር ቅርብ የሆነው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ በአማርኛ የሚነገር የ68 ደቂቃ ፊልም ሲሆን ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን ያሳያል። ፊልሙ አምሳያ አልሠራም፤ አሠራሩ በግልባጩ ነው። በየሱቁ የሚገኙ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችና የሙዚቃ ሸክላዎች ሳይነኩ እንዳሉ ቀርበው፣ የወደፊቱ ሰዎች እንደ ቅርስና እንደ ጸሎት ዕቃ ያከብሯቸዋል፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ሳይቀር የአምልኮ ስፍራ አለው። ዳንኤል ታደሰ በያንሶ የ2019 ፊልም ላይም ተሳትፏል። በዚያኛው ሰላዮቹ ወደ ኮምፒውተር ዓለም ሲገቡ ፊታቸው ላይ የሚያደርጉት የታዋቂ ሰዎች ፎቶ የታተመበት የወረቀት ጭምብል ነው፤ ከቫይዘርም ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ በማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ሊሠራ የሚችል ቁስ።