ከ«አሳድሩን» እስከ «አልጋ አለ?» ፦ በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ የብዙ ቤተሰብ ማደሪያ ታሪክ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት የታሪክ ጉዳይ አይመስልም። ይኸውም አባት፥ እናት፥ አያት፥ ሰባት ወይም ስምንት ልጆች፥ በዚያም ላይ አንድ ሁለት የዘመድ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ በዓል ለማክበር ወይም አገር ለማየት ከቤቱ ሲወጣ የት ያድራል? የሚል ጥያቄ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ነገሥታት የት እንደ ሰፈሩ፥ ሠራዊትም የት እንደ አደረ በዝርዝር ይነግሩናል፤ ስለ ተራው ቤተሰብ አዳር ግን የሚሉት እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መካነ ሰላምን መነሻ አድርገን፥ የቦረናን፥ የሳይንትን፥ የለጋምቦንና የተንታን ደጋ እያሰብን፥ ከመጻሕፍት ያገኘነውን በቤታችን ከምናውቀው ልማድ ጋር አያይዘን ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ለማቅረብ ሞክረናል።

መካነ ሰላም ቀድሞ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች፥ ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ሲጓዙ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ በስተሰሜን የበሽሎ፥ በስተምዕራብና በስተደቡብ የዓባይ ሸለቆ የከበበው ደጋ ነው። ከደጋው ሜዳ ወደ ሸለቆው፥ ከሸለቆውም ወደ ማዶው አምባ መውጣትና መውረድ ለእግረኛ ቀን ይፈጃል፤ ሕፃን ያዘለችና ሽማግሌ የሚደግፍ ሰው ካለበት ደግሞ አንዱ ቀን ሁለት ይሆናል። ሌሊቱም ውርጭ ነው። በቆላ አገር ዛፍ ሥር ማደር ይቻል ይሆናል፤ በለጋምቦ ደጋ ግን ልጅን ሜዳ ላይ ማሳደር ሕይወቱን እንደ ማስያዝ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ አገር ማደሪያ ማለት ምቾት ሳይሆን የጉዞው ዋና ነገር ነበር፤ ቤተሰቡ የሚወጣበትን ቀን የሚወስነው የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በመሸ ጊዜ የሚደርስበት መንደር ጭምር ነው።

ለመሆኑ ቤተሰብ ከነልጁ ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ሠርግና ወደ ተዝካር መሄዱን ትተን፥ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች እንጥቀስ። ከሁሉ የሚበልጠው መስከረም 21 ቀን የሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ነው። በአማራ ሳይንት የምትገኘው፥ ከዐፄ ገላውዴዎስ (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ስም ጋር የተያያዘችው ተድባበ ማርያምም ነበረች። ለእስላሙ ወገን ደግሞ በአልብኮ የሚገኘው፥ በሼህ ሙሐመድ ሻፊ የታወቀው የጃማ ንጉሥ መውሊድ አለ። እነዚህ ሁሉ የጸሎት ቦታዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለልጆች የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ፥ አዲስ አገር ማያና ዘመድ መጠየቂያም ነበሩ። ዛሬ ከተሜው ለመዝናናት መውጣት የሚለው ነገር በዚህ ውስጥ ተሸፍኖ ይገኝ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

መንገደኛው በመሸበት መንደር ደርሶ ከአጥሩ ውጭ ይቆምና «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ውሻው ይጮኻል፤ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። መልሱ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፥ አሳድሩን» የሚል ነው፤ እስላም ሲሆን «የአላህ እንግዶች» ይላል። በዚህ ንግግር ውስጥ ዋጋ የለም፥ ቍጥርም የለም። ስንት ሰው እንደ ሆኑ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው። ሲገቡ እግር ይታጠባል፤ ወሬ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳይበሉ ከየት መጣችሁ ብሎ መመርመር ነውር ነውና። የቤቱ አሠራርም ለዚህ ይመች ነበር። ከግድግዳው ተያይዞ የተሠራው መደብ አንድን ሰው ከሌላው ሳይለይ እንደ ሰዉ ብዛት ያስተኛል፤ ከከብቶቹ ጋጥ በላይ ያለው ቆጥ ለልጆች ይሆናል፤ የከብቱም ትንፋሽ ከታች ያሞቃል። ቁርበትና አጎዛ ይነጠፋል፥ ባና ወይም ዝተት ይለበሳል። አልጋ ካለ ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ ነው። የእንግዳው ልጅ ከባለቤቱ ልጅ ጋር በአንድ ባና ውስጥ ሲተኛ አምስት የነበሩት ዐሥር ሆኑ እንጂ ሌላ ባና አላስፈለጋቸውም። እንግዳው ከበዛ ደግሞ ጎረቤት ይካፈላል፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ አንድ ቤት፥ ወንዶቹ ሌላ ቤት ያድራሉ።

በወሎ ይህ ልማድ የሃይማኖት አጥርንም እንደሚሻገር ማስታወስ ይገባል። ክርስቲያን ቤተሰብ በእስላም ቤት ሲያድር የሥጋው ነገር ብቻ ያስቸግር ነበር። እሱም መላ አላጣም፤ ባለቤቱ በጉን ከነነፍሱ ለእንግዳው ይሰጠዋል፥ እንግዳው ወይም ክርስቲያን ጎረቤት ያርደዋል። ጾም ከሆነ ወይም ወጡ ሽሮ ከሆነ ግን ችግሩ ራሱ አይነሣም። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በልጅነታችን ሽሮ የተወደደው ስለ ጣዕሙ ሳይሆን ስለዚህ ይመስለን ነበር።

ይሁን እንጂ የድሮውን መስተንግዶ ከልክ በላይ ማሞገስ ታሪክን ማጣመም ነው። በአንድ በር ሁለት ዓይነት እንግዳ ይገባ ነበርና። አንደኛው የእግዜር እንግዳ ሲሆን ሁለተኛው የንጉሥ እንግዳ ነው። ለንጉሥ እንግዳ ደርጎ ያቀርብ የነበረው ባላገሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ የሚመራቸው መነኵሴ ምግብና ሸክም ተሸካሚ እንዲሰጡ ባላገሮቹን ይደበድብ እንደ ነበረ ተርኳል። በኋላም ወታደር በየባላገሩ ቤት በተሰሪነት ይመደብ ነበር። ተሰሪው «አሳድሩን» አይልም፤ ይገባል። በማግሥቱም አይሄድም። ከክፉው ቀን በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ተሰሪው ቀርቶ በምትኩ ባላገሩ ለወታደሩ ቀለብ አሥራት እንዲከፍል ማዘዛቸው ሸክሙ ምን ያህል ከብዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ከዚህም ሌላ ለሁለቱም ዓይነት እንግዳ የምትፈጨው፥ ውሃ የምትቀዳውና እንጀራ የምትጋግረው የቤቱ ሴት ናት። «ቤት ለእንግዳ» ሲባል የሰማናቸው አባቶች ብዙ ናቸው፤ ስለ ድካሟ የተጻፈ ግን አላገኘንም።

ግሸን ራሷ በዚህ ነገር አስደናቂ ታሪክ አላት። አምባዋ የሃይማኖት ቦታ ብቻ አልነበረችም፤ ለረጅም ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች፥ ወንድሞችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት ተራራ ነበረች። እንግዲህ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ቤተሰብ ማደሪያ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መውጫ አላገኘም እንጂ። አልቫሬዝና ጓደኞቹ መንገድ ስተው ወደ ተራራው ግርጌ በተጠጉ ጊዜ የተቀበላቸው እራት ሳይሆን የድንጋይ ውርጅብኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ ግን ያ የእስር ዘመን አበቃ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ግማደ መስቀሉን በዚያ አኑረዋል ተብሎ ስለሚታመን፥ እንግዳ በድንጋይ ይባረርባት የነበረችው አምባ በየዓመቱ ሕዝብ የሚጐርፍባት ሆነች። ቦታው ጠባብ፥ መግቢያውም አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በዓሉ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ካልገባ በስተቀር ሁሉንም ልጆቹን በአንድ ቦታ ማስተኛት አይችልም። የሚበዛው ሰው በድንኳን፥ በሸራ ሥር፥ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፥ ወይም በነዋሪው ቤት ወለል ላይ ያድራል። አብዛኛው ግን ጭራሽ አይተኛም፤ ሌሊቱን በማሕሌትና በመዝሙር ያነጋል። ማደሪያ ላጣ ሰው ይህ ጥሩ ዘዴ ነው።

በመካከለኛው ምሥራቅ ነገሥታትና ባለጠጎች በንግድ መንገዶች ላይ ለመንገደኛው፥ ለዕቃውና ለእንስሳቱ የሚሆን ትልልቅ የእንግዳ ማረፊያ ያሠሩ ነበር። በእኛ ደጋ እንዲህ ያለ ሕንጻ አልተለመደም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉ የመስተንግዶን ክብር ያሳያል፤ ግን እሱ የግብር አዳራሽ ነው፥ ማደሪያ አይደለም። ሰው በልቶ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ማደሪያ ቤት በገንዘብ የሚገኝ ነገር መሆን የጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት ነው። ሰው ምግብ በገንዘብ መግዛትን ስለ ተጸየፈው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ገብተው በልተው ከፍለው አርአያ ሆኑ ተብሎ ይነገራል። ከዚያም በ1928 ዓ.ም. የመጣው ጣሊያን መኪና መንገድና ሆቴል ሠራ፥ «አልቤርጎ» የሚለውን ቃልም ትቶልን ሄደ። በየመንገዱ ዳር ቡና ቤትና አልጋ ቤት ተከፈተ፤ መኪና ወደ ምዕራቡ ደጋ ሲዘልቅም ይኸው ተከተለ።

እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። «አልጋ» ቀድሞ ዙፋን ማለትም ነበር፤ አልጋ ወራሽ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። አሁን መንገደኛ «አሳድሩን» አይልም፥ «አልጋ አለ?» ይላል። የጥያቄው ለውጥ የመልሱንም ለወጠ። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ግቡ» ነው፤ ለሁለተኛው ግን «ስንት ናችሁ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል። አልጋ ቤት የተሠራው ለነጋዴ፥ ለሾፌርና ለመንግሥት ሠራተኛ፥ ማለት ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነው። ክፍሉ አንድ አልጋ ይይዛል፤ ዋጋውም በአልጋ ነው። በመደብ ላይ ልጅ መጨመር ምንም አያስከፍልም ነበር፤ በአልቤርጎ ግን እያንዳንዱ ልጅ ሒሳብ ነው። ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ በድሮው ቤት የተከበረ እንግዳ ሲሆን በአዲሱ ቤት አስቸጋሪ ደንበኛ የሆነው ሰው ስለ ከፋ ሳይሆን የመቍጠሪያው ስልት ስለ ተለወጠ ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ ከመካከላችን የአንዱ ቤተሰብ ያጋጠመውን ብንናገር ነገሩን ያብራራል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ቤተሰቡ ዐሥራ አንድ ሆኖ ከቦረና ወደ ግሸን ይጓዝ ነበር። ከመሸ በኋላ ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት ከተማ ደረሱ። የአልጋ ቤቱ ሰው ሕፃን ካልሆነ በቀር ላንድ አልጋ ከሁለት ሰው በላይ አይሆንም፥ ያለውም ሦስት አልጋ ነው፥ የበዓል ሰሞን ስለ ሆነም ዋጋው ጨምሯል አለ። ትርፉ አምስት ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ ተባለ። አያቲቱ «እኔን ከልጆቼ ነጥላችሁ የት ልታኖሩኝ ነው?» ብለው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ይህን ያየች ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጥ ሴት ቀርባ «አብሽሩ እማማ፥ ቤቴ ጠባብ ነው እንጂ ለልጆቹ መሬት አላጣም» አለችና ሁሉንም ወሰደቻቸው። ወንበሮቹ ወደ ውጭ ወጡ፥ ሰሌን ተነጠፈ፤ ዐሥራ አንዱም ከሷ ከሦስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል አደሩ።

ሲነጋ አባትየው ገንዘብ ቢሰጣት ተቈጣች። አያቲቱ ግን ከስንቃቸው ግማሽ ቁና ያህል በሶ ሰፍረው ሲያስቀምጡላት ተቀበለች፤ ስንቅ ዋጋ አይደለምና። የሚያስገርመው ቤተሰቡ ከግሸን ሲመለስ ያየው ነገር ነው። ያችው ሴት ያንኑ ወለል ለሌሎች ተሳላሚዎች በገንዘብ አከራይታለች። ጓደኛችን በዚህ አዝኖ ነበር፤ እኛ ግን ስንወያይበት ማዘን እንደማይገባ ተስማማን። የበዓል ሰሞን የዓመቱ ገቢዋ ነው፤ የከራየችው ተጠንቅቀውና ከፍለው ለሚሄዱ ጎልማሶች ነው፤ አያትና ሕፃናት ደጅ ላይ ባየች ጊዜ ደግሞ የሠራችው በሌላ ሕግ ነው። ሁለቱ ሕግ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ ናቸው፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነውም እንግዳው በምን ቃል እንደ መጣ ነው። ባለፈው የገለጽነው የ«አሳድሩን» ዘመን አልፏል ለማለት የሚቸኩሉ ሰዎች ይህን ሁኔታ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ጉዳዩ የበዓል ብቻ አይደለም። ከመካነ ሰላም ራቅ ብሎ የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ፥ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ቦታ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ወሎን የነካው ጦርነትና ከዚያም የተከተለው የጸጥታ ችግር ጉዞውን ቢያጐድለውም፥ አገር ሲረጋ ልጆቹን ይዞ ለማየት የሚመጣ ቤተሰብ አይጠፋም። ያን ጊዜ የሚሠራው የእንግዳ ቤት ባለ አንድ አልጋ ክፍሎች ተደርድረውበት የሚሠራ ከሆነ፥ የቦረና ገበሬ በገዛ አገሩ ያለውን ጭላዳ ልጆቹን ይዞ ማየት አይችልም፤ ከሩቅ የሚመጣ ብቸኛ ጎብኚ ብቻ ያየዋል። አንድ ሰፊ ክፍል፥ ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ መደብ፥ መካከሉ ላይ ምድጃ፥ ዋጋውም በሰው ቍጥር ሳይሆን በክፍሉ ቢሆን ግን ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያድርበታል። የቦረና ግንበኛ ደግሞ መደብ እንዴት እንደሚሠራ ከማንም መማር አያስፈልገውም።