«ሥር» የበላይ ሊሆን ይችላልን? ስለ «ሩት» ስያሜ ታሪክና አተረጓጎም

1. መግቢያ

ባዕድ ቃል ወደ ቋንቋችን የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና የስያሜ ኮሚቴዎች በር ሲሆን፣ ሁለተኛው የገበያ በር ነው። በመጀመሪያው በር የሚገባው ቃል ተመርምሮ፣ ተመዝኖና ፍቺ ተሰጥቶት ይገባል፤ በሁለተኛው የሚገባው ግን ዕቃውን ተከትሎ፣ ከዕቃው ጋር ተሸክመውት ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ሩት» የተባለው ቃል የገባው በሁለተኛው በር ነው። በስልክ ጠጋኞች ዘንድ «ሩት ማድረግ»፣ «ሩት የተደረገ ስልክ» ሲባል ይሰማል። አመሠራረቱም «ቻርጅ ማድረግ»፣ «ፎርማት ማድረግ» እንደሚባለው ሁሉ ባዕዱን ስም «ማድረግ» ከሚለው ግሥ ጋር ማጣመር ነው። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ከምትታወቀው ከሩት ስም ጋር በድምፅም በጽሕፈትም መመሳሰሉ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሌላ ተጨማሪ ችግር ነው።

የተግባሩ ምንነት በአጭሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ለባለቤቱ ሲሸጥ፣ የውስጥ ሥርዓቱን የሚለውጠው ሥልጣን በአምራቹ እጅ እንደ ተቆለፈ ይቀራል። ባለቤቱ መደወል፣ መጻፍ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ይችላል፤ ከፋብሪካ ተጭነው የመጡትን ፕሮግራሞች ነቅሎ መጣል ወይም የሥርዓቱን ፋይሎች መለወጥ ግን አይፈቀድለትም። ይህን የተያዘ ሥልጣን ወደ ባለቤቱ እጅ የማዛወሩ ተግባር ነው «ሩት ማድረግ» የሚባለው።

ለዚህ ቃል የአማርኛ አቻ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ሥር» የሚለውን እንደሚሆን አያጠራጥርም፤ የእንግሊዝኛው ቃል ቀጥተኛ ፍቺ እርሱ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትርጉም ትክክል መስሎ የተሳሳተ መሆኑን በቃሉ ታሪክ ማሳየት ነው።

2. ቃሉ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ «ዩኒክስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። በዚህ ሥርዓት ማኅደሮች ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፎች ከአንድ መነሻ እየተከፈሉ ይወርዳሉ። መነሻው በአንድ ዘንባላ ሰረዝ ብቻ ይመለከታል፤ ስሙም «ሥር» ነው። የኮምፒዩተሩ ሁሉን ቻይ ተጠቃሚ፣ ቁጥሩ 0 የሆነው፣ መነሻ ማኅደሩ ይኸው ሥሩ ስለ ነበረ ስሙን ከቦታው ወርሶ «ሩት» ተባለ። ለዚሁ ተጠቃሚ ሌላም ስም ነበረው፤ ይኸውም «ሱፐርዩዘር» የሚለው ነው። «ሱፐር» ከላቲን የመጣና «በላይ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሊነክስ»ን ሲያዘጋጅ የዩኒክስን ሥርዓት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው «አንድሮይድ» ስልክም በሊነክስ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ ያ የላቦራቶሪ ስም በገበሬውና በነጋዴው ኪስ ውስጥ ገባ። ስሙ ግን ተደብቆ ነው የገባው፤ አምራቾች የሩትን በር ዘግተው ነበርና። በሩን ለማስከፈት የሚደረገው ጥረት ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቀጥሏል። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው «ማጂስክ» የተባለው መሣሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

3. ቃሉ ወደ እኛ የመጣበት ምክንያት

በአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። የግዕዝ ፊደልም በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዓለም አቀፉ የ«ዩኒኮድ» ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታውን አገኘ። ይሁን እንጂ በሠንጠረዥ መግባት አንድ ነገር ሲሆን በስልክ መስታወት ላይ መነበብ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አልተጫነባቸውም ነበር። አማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲደርስ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ይታዩ ነበር። ፊደሉን መጫን ቢፈለግ የሚጫንበት ማኅደር ከሥርዓቱ ክፍል ነውና፣ ለባለቤቱ የተዘጋ ነበር። ስለዚህ በገዛ ቋንቋው ለማንበብ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ስልኩን ሩት ማድረግ ነበረበት። ፊደላችን በስልኮቹ ውስጥ ከፋብሪካ ተጭኖ መምጣት የጀመረው ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የጎግ ወረዳ ሁኔታ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። ጎግ በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ፒኝዶ በጊሎ ወንዝ አጠገብ፣ ከጋምቤላ ከተማ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የአብዛኛው ነዋሪ አፍ መፍቻ ቋንቋ አኙዋ ሲሆን፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አኙዋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የስልኩ መስታወት የቤቱን ቋንቋ ሲያሳይ የጽሕፈት ቤቱንና የፍርድ ቤቱን ቋንቋ ይሸሽግ ነበር። በሌላው አገር ሩት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊሆን ሲችል፣ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የመንግሥትን ደብዳቤ ከማንበብና ካለማንበብ ጋር የተያያዘ ነበር።

የፊደሉ ችግር ከተወገደ በኋላ ሌላ ምክንያት ተተካ፤ ይኸውም የርካሽ ስልክ ባሕርይ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ስልክ የማስቀመጫ ቦታው ጠባብ ነው፤ በዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ባለቤቱ ያልጠየቃቸውና ሊያወጣቸው የማይችላቸው ፕሮግራሞች ሰፍረውበት ይመጣል። የጥገና ዕድሳቱም ቶሎ ይቋረጣል። ከእነዚህ ስልኮች የብዙዎቹ አንጎል የሆነው የ«ሚዲያቴክ» ሥሪት ቀዳዳ ተገኝቶበት፣ ማንም ሰው በጥቂት ትእዛዝ ሙሉ ሥልጣን ሊይዝበት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2019 ታወቀ። ሚዲያቴክ መድፈኛውን በዚያው ዓመት ቢያዘጋጅም ብዙ አምራቾች ለገዢዎቻቸው አላደረሱም፤ በጉግል የጥበቃ መግለጫ የወጣውም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው። ባለቤቱ የሚገባበት ቀዳዳ ሌባም የሚገባበት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

4. ሥልጣኑ በማን እጅ ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 «ሴኪዩር ዲ» የተባለው የስልክ ደኅንነት ድርጅት፣ «ቴክኖ ደብሊው 2» በተባለ ርካሽ ስልክ ላይ «ትራያዳ» እና «ኤክስሄልፐር» የሚባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ገና ከሽያጭ በፊት ተጭነው መገኘታቸውን ገለጸ። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። ድርጅቱ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የተነሡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን እንዳገደ አስታወቀ፤ ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎት እያስመዘገቡ የአየር ሰዓቱን ይበሉ ነበር። የቴክኖ ባለቤት የሆነውና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ስልክ የሚገጣጥመው ትራንስሽን፣ ነገሩ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ አቅራቢ የተፈጸመ መሆኑንና ለሁለቱም ፕሮግራሞች መድኃኒት አስቀድሞ ማውጣቱን ገልጿል።

ከስያሜ አንጻር የዚህ ታሪክ ቁም ነገር እንዲህ ነው። ባለቤቱ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ቢመልሰው እንኳ ኤክስሄልፐር አይለቅም ነበር፤ የገባው ባለቤቱ ከማይደርስበት ቦታ ነውና። በስልኩ ላይ የበላይ ሥልጣን ነበረ፤ በገዢው እጅ ብቻ አልነበረም። እንግዲህ «ሩት» የሚያመለክተው የሥልጣን ጥያቄ ነው። ቃሉን የሚተረጉም ሰው ይህን የሥልጣን ፍሬ ነገር ካልያዘ፣ የዕቃውን ስም እንጂ የነገሩን ትርጉም አልያዘም።

ሥልጣኑ ወደ ባለቤቱ ሲመጣ ኀላፊነቱም አብሮ እንደሚመጣ መዘንጋት አይገባም። መቆለፊያው ሲከፈት በስልኩ ያለው መረጃ ሁሉ ይጠፋል፤ ሥራው ከተሳሳተ ስልኩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ የባንክ አገልግሎት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። በሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ፈቃድ ቢደረግ ደግሞ ወንጀል ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለዚህ ዐይነቱ አድራጎት «ሕገ ወጥ ደራሽነት» የሚል ስያሜ ሰጥቶታል። «መድረስ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ደራሽነት» ከአገርኛ ርባታ የተገኘ የተሳካ ስያሜ ነው።

5. «ሥር» በአማርኛ

«ሥር» ከግዕዙ «ሥርው» የመጣ ነው። በአማርኛ በመጀመሪያ የተክልን ሥር ያመለክታል፤ ከዚህም «ደም ሥር»፣ «ሥር ማሽ»፣ «ሥር የሰደደ» የሚሉት ተገኝተዋል። በሁለተኛ ደረጃ መነሻንና መሠረትን ያመለክታል፤ «ሥርወ ቃል» እና «ሥርወ መንግሥት» ከዚህ ወገን ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ የተስፋፋው «ሥር ነቀል ለውጥ» የሚለው ሐረግም እንዲሁ።

ሦስተኛው ፍቺ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ከዛፉ በታች ነው፤ ከዚህ የተነሣ «ሥር» «በታች» የሚለውን ትርጉም ያዘ፤ ከቦታም ወደ ማዕረግ ተሻገረ። «በወረዳው ሥር የሚተዳደሩ ቀበሌዎች»፣ «በሚኒስቴሩ ሥር ያለ መምሪያ» እንላለን። በፍርድ ቤት ደግሞ «የሥር ፍርድ ቤት» ማለት ውሳኔው በይግባኝ የሚታይበት፣ ከበላይ የሚሻርበት ፍርድ ቤት ነው።

እንግዲህ «የሥር ተጠቃሚ» ብንል አንባቢው ምን ይረዳል? «የሥር ፍርድ ቤት» ብሎ የለመደ ሰው ሥልጣኑ ዝቅተኛ የሆነ፣ ከበላዩ ፈቃድ የሚጠብቅ ተጠቃሚ አድርጎ ይረዳዋል፤ የቃሉ ሐሳብ ፍጹም ተገልብጦ ይገኛል። የምክንያቱ ምንጭ የዛፉ አቋቋም ነው። የኮምፒዩተር ሊቃውንት ዛፋቸውን ሥሩን ወደ ላይ አድርገው ሣሉት፤ የአማርኛ ዛፍ ግን ሥሩ በምድር ውስጥ እንደ ሆነ ቆሟል።

«ሥርወ ተጠቃሚ» ቢባልስ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህም አያዋጣም፤ «ሥርወ ቃል» የቃል ምንጭ፣ «ሥርወ መንግሥት» የመንግሥት ምንጭ እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ሥርወ ተጠቃሚ»ም የተጠቃሚዎች ምንጭ ይሆናል እንጂ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ አይሆንም። «አስተዳዳሪ» የሚለውም በሌላ ደረጃ ላለ ተጠቃሚ ተመድቧል፤ በወረዳም ደረጃ አስተዳዳሪ የበላይ እንዳለው የታወቀ ነው።

ችግሩ አማርኛን በአፍ መፍቻነት በማይናገረው ዘንድ ይብሳል። የጎግ ነዋሪ «ሥር» የሚለውን ቃል አዘውትሮ የሚያገኘው በጽሕፈት ቤትና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ነው፤ በዚያም «የበታች» ማለት ነው። ከአማርኛው ተነሥቶ ወደ አኙዋ የሚተረጉም መምህር ደግሞ ስሕተቱን ወደ ሁለተኛ ቋንቋ ያሻግረዋል። አኙዋ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ስለሆነ፣ የስያሜው ነገር ከመጽሔታችን ገጽ አልፎ ከልጆች ደብተር ይደርሳል።

ይልቁንም የአኙዋ ማኅበረሰብ ስለ ሥልጣን መያዝና መልቀቅ የራሱ የበለጸገ አነጋገር አለው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ሊንሃርት ደግሞ በ1957 እና በ1958 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንደ ገለጹት፣ «ኳሮ» የተባለው የመንደር አለቃ የሚጸናው መንደሩ እስከ ፈቀደለት ድረስ ነው። ልግስናው ከጐደለ መንደሩ ተነሥቶ ያወርደውና ከዚያው የአለቆች ዘር ሌላውን ያስቀምጣል፤ ይህ መነሣት «አጌም» ይባላል። «አጌም» ለስልክ ይሁን ማለት የእኛ ሥራ አይደለም፤ የሚፈርዱት የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው። የሚያስፈልገው ግን ከሥልጣን ቃላት መነሣት እንጂ ከተክል ቃላት አለመነሣት መሆኑ ግልጽ ነው።

6. የቀረበ ሐሳብ

በሕይወት የቆዩት የቴክኒክ ስያሜዎቻችን አስቀድሞ በሕዝቡ አፍ ከነበረ አነጋገር የተነሡ ናቸው። «የይለፍ ቃል» ያለ ችግር የተለመደው ዘበኛና ኬላ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስለሚረዳው ነው። ለሩትም እንዲሁ ያለ ቃል አለን፤ ይኸውም «የበላይ» ነው። «የበላይ አካል»፣ «የሕገ መንግሥት የበላይነት» የሚሉትን የማይረዳ የለም። ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ስም «ሱፐርዩዘር»ም ትርጉሙ ይኸው ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ቀርበዋል።

ሥር ማኅደር፦ ማኅደሮች ሁሉ የሚነሡበት የመጀመሪያው ማኅደር። በዚህ ቦታ «ሥር» መነሻ ማለት ስለሆነ ተስማሚ ነው።

የበላይ ተጠቃሚ፦ በሥርዓቱ ላይ ገደብ የሌለው ተጠቃሚ፤ ቁጥሩ 0።

የበላይ ሥልጣን መያዝ፦ በአምራቹ የተቆለፈውን ሥልጣን ባለቤቱ በራሱ ስልክ ላይ በእጁ ማድረግ፤ በገበያ «ሩት ማድረግ»።

የገበያው ቃል በገበያ ይቀጥላል፤ የሚከለክለውም አይኖርም። ነገር ግን ገዢው «ይህ ስልክ የበላይ ተጠቃሚው ማን ነው?» ብሎ በሚገባው ቋንቋ መጠየቅ ሲችል፣ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።