የሚነገሩ፣ የማይነገሩና የሚጠየቁ፦ ተገልጋዩን የሚያጋጥሙ የኮምፒውተር ቃላትና አኅጽሮቶች

ከበቆጂ ወይም ከሳጉሬ ማልዶ ተነሥቶ ለጉዳይ አሰላ የገባ ተገልጋይ፣ ጉዳዩን ፈጽሞ እስኪመለስ ድረስ በርካታ እንግዳ ቃላት ያጋጥሙታል። በአንዱ መስኮት «ፋን» ይጠየቃል፤ በሌላው «ኦቲፒ ደርሶዎታል?» ይባላል፤ በሦስተኛው ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ቃላቱ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ሳይተረጎሙ ስለሚነገሩ ለሁሉም ተናጋሪ እኩል እንግዳ ናቸው።

የአኅጽሮቶቹን የእንግሊዝኛ ዝርዝር በቃል መያዝ ከተገልጋዩ አይጠበቅም። የሚጠበቅበት የትኛው ቁጥር ለአገልግሎት ሰጪው እንደሚነገርና የትኛው ለማንም እንደማይነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ገንዘቡን ወይም ማንነቱን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ስለሆነም ቃላቱ ከዚህ በታች የቀረቡት በፊደል ተራ ሳይሆን በዚሁ መለያ ነው።

1. ለአገልግሎት ሰጪ የሚነገሩ

ፋይዳ፦ የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ስም ነው። አኅጽሮት አይደለም፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጥቅም ማለት በመሆኑ ተርጓሚ ከማይሹት ጥቂት ቃላት አንዱ ነው። የሕግ መሠረቱ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ምዝገባው በነጻ የሚከናወን ሲሆን የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይን አይሪስ ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል። ስንዴና ገብስ ሲያርስና ሲያጭድ የኖረ ገበሬ የጣቱ መስመር ደብዝዞ ማሽኑ ቢቸገር፣ የዓይኑና የፊቱ ምስል ማንነቱን ለመለየት ያግዛሉ።

ፋን፦ 16 አኃዝ ያለው የፋይዳ ተለዋጭ ቁጥር ነው። ፊን የሚባለውና 12 አኃዝ ያለው ዋናው መለያ ቁጥር በየመስኮቱ እንዳይነገር በምትኩ የሚሰጥ ነው። ስማቸው መንታ ቢመስልም አኃዞቹን በመቁጠር መለየት ይቻላል፤ ረጅሙ ለሥራ ይወጣል፣ አጭሩ ቤት ይቀመጣል።

አይኤምኢአይ፦ እያንዳንዱ የስልክ ቀፎ የሚለይበት ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ነው። በስልኩ ላይ *#06# ሲጻፍ ይታያል። ቁጥሩን አስቀድሞ በወረቀት መዝግቦ መያዝ ስልክ ሲጠፋ ለፖሊስ ለማመልከት ይረዳል። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ቁጥሩን ከራሱ ከስልኩ ለማየት መሞከር ግን የዘገየ ጥበብ ነው።

ኪውአር፦ በጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የተሞላው አራት ማዕዘን ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን የመኪና ዕቃዎችን ለመቆጣጠር የተፈለሰፈ ሲሆን ዛሬ በሱቆች ለክፍያ፣ በመታወቂያዎች ደግሞ ለማረጋገጫ ያገለግላል። ምስሉን አንብቦ የሚከፍል ሰው የምሥጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት በስልኩ ላይ የሚታየውን የተቀባይ ስም ሊያረጋግጥ ይገባል።

2. ለማንም የማይነገሩ

ፒን፦ በአማርኛ የምሥጢር ቁጥር፣ በአፋን ኦሮሞ ለኮፍሰ ኢጪቲ ይባላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ጉዳዩን በስሙ ውስጥ ስላስቀመጡት ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም። የባንክ ሠራተኛም ሆነ የቴሌብር ወኪል ሊጠይቀው አይገባም። ገንዘብ ለመቀበል ፒን ማስገባት አያስፈልግም፤ ስለሆነም «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ለመቀበል ፒንዎን ይንገሩን» የሚል ደዋይ የሚሸልም ሳይሆን የሚወስድ ነው።

ኦቲፒ፦ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ ነው። ዕድሜው የጥቂት ደቂቃዎች ቢሆንም በዚያች ጊዜ የተላለፈ ኮድ ለሌላ ሰው በር ሊከፍት ይችላል። የፋይዳ ማንነትን ለማረጋገጥ በአገልግሎት መስኮት ላይ ኦቲፒ የሚላክበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ተገልጋዩ ጉዳዩን ራሱ የጀመረና በአካል የተገኘ በመሆኑ ኮዱን በራሱ እጅ ቢያስገባ ይመረጣል። በስልክ ደውሎ «በስሕተት ወደ እርስዎ የተላከ ኮድ አለና ያንብቡልኝ» የሚል ሰው ግን ስሕተት አልሠራም፤ የሚሳሳት ሰው እየፈለገ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጉዳዩን የጀመረው ተገልጋዩ ካልሆነ ኮዱ አይነገርም።

ፒዩኬ፦ የሲም ካርድ ፒን ሦስት ጊዜ በስሕተት ሲገባ የሚጠየቅ ባለ 8 አኃዝ መክፈቻ ነው። እርሱም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከናካቴው ስለሚዘጋ፣ በግምት ከመሞከር ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 መደወል ይሻላል።

ፒኑን ወይም ኦቲፒውን አሳልፎ የሰጠ ሰው ከማፈር መፍጠን አለበት። ወዲያውኑ ለባንኩ ወይም ለኢትዮ ቴሌኮም አሳውቆ ሂሳቡን ያሳግድ፤ ፒኑን ይለውጥ፤ መልእክቶቹን ሳያጠፋ ለፖሊስ ያመልክት። በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

3. ማብራሪያ የሚጠየቅባቸው

ሲስተም የለም፦ በአገልግሎት መስጫዎች ከሚሰሙ ሐረጎች ሁሉ የታወቀው ሳይሆን አይቀርም። ሐረጉ መብራት ጠፍቷል፣ ኔትወርክ ተቋርጧል፣ መረጃው የሚገኝበት ሰርቨር አይሠራም ወይም ፕሮግራሙ እየተጠገነ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የመብራት መቋረጥ በሰዓታት ሊያበቃ ይችላል፤ ጥገና ግን ቀን ሊወስድ ይችላል። ከሩቅ የመጣ ተገልጋይ «የቱ ነው የተቋረጠው? መቼ ልመለስ?» ብሎ ቢጠይቅ ቆይቶ ለመጠበቅ ወይም መኪና ተሳፍሮ ለመመለስ ይወስናል።

ክላውድ፦ ቃሉ ደመና ማለት ነው። ጭላሎ ተራራን ከሚሸፍነው ደመና ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ ዝናብም አይጥልም። በሌላ ቦታ ባሉና በኢንተርኔት በሚደረስባቸው ኮምፒውተሮች ላይ መረጃን ማስቀመጥ ማለት ነው።

ሜጋ ባይት፦ የፋይል መጠን መለኪያ ነው። «ፋይሉ ከ2 ሜጋ ባይት አይብለጥ» የተባለ ሰው የኩንታሉንና የኪሎውን ልዩነት ያስታውስ፤ አንድ ሜጋ ባይት ወደ 1,000 ኪሎ ባይት ይጠጋል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ከዚህ በላይ ስለሚከብድ ከመላኩ በፊት መጠኑን መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ካፕቻ፦ ኮምፒውተሩ ሰውን «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» የሚልበት ፈተና ነው። የተጣመሙ ፊደሎችን ማንበብ ወይም ሥዕል መምረጥ ይጠየቃል። የወደቀ ሰው ሰውነቱ አልተሻረም፤ እንደገና መሞከር ይችላል።

ዩኤስኤስዲ፦ በኮከብ ምልክት ተጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቅ አጭር ቁጥር የሚሠራበት ዘዴ ነው። ኢንተርኔት ስለማይፈልግ በተራ ስልክም ያገለግላል፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ*127# የሚሠራው በዚህ ነው። ግንኙነቱ ለዘገየ ሰው አይጠብቅም። የአርሲ ሯጮች ዝናን ያተረፉት በረጅም ርቀት ቢሆንም ይህኛው አጭር ሩጫ ነው፤ የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን አስቀድሞ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

4. ስምና ዘመን

የአሰላ ከተማ ስም በአማርኛ ሲጻፍ «ሒሳብ ሠራ» ከሚለው ግስ ጋር በፊደል አንድ ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ያሰላል፤ አንዱ አጻጻፍ የሌላው ምትክ መሆኑን ግን ካልተነገረው አያውቅም። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ «ሲ» በሚባለው ፊደል ብቻ ሲጀምር በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው ይጻፋሉ። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት ሴቶች አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። በፋይዳ፣ በባንክ ደብተርና በትምህርት ማስረጃ ላይ ስም በአንድ ዓይነት ፊደላት መጻፉን ምዝገባው ከመጽደቁ በፊት በስክሪኑ ላይ አንብቦ ማረጋገጥ ይገባል።

የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሚሞላ ቅጽ ላይ 1990 ብሎ ከጻፈ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ስሕተት ቢገኝ እንኳ ባለመረጃው እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተረጋግጧል።

በአጠቃላይ ፋን ይነገራል፤ ፒን አይነገርም፤ ኦቲፒ ባለቤቱ በራሱ ለጀመረው ጉዳይ ብቻ ይውላል። «ሲስተም የለም» ሲባል ደግሞ ምክንያቱና የመመለሻው ጊዜ ይጠየቃል። ትርጉሙ ግልጽ ያልሆነ ቃል ያጋጠመው ተገልጋይ ከመፈረሙ ወይም ኮድ ከማስገባቱ በፊት በሚረዳው ቋንቋ ማብራሪያ መጠየቅ አለበት።