ፈቃድ አልከፍልም ያለው ሰው፦ የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ አነሣሥ

ስለ ቶማስ ኤዲሰን ሳስተምር ለተማሪዎቼ የአምፖሉን ነገር ብቻ ነበር የምነግራቸው። ያው ሰው የሲኒማን ንግድ ጠቅልሎ ለመያዝ መሞከሩን፣ አንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰውም እንቢ እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

ካርል ሌምሌ በ1867 በደቡብ ጀርመን፣ ላውፕሃይም በምትባል ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ17 ዓመቱ አሜሪካ ገባ። ሃያ ዓመት ያህል በተላላኪነትና በልብስ መደብር ሒሳብ ያዥነት ኖረ። በ1906 ቺካጎ ላይ፣ ሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማየት አምስት ሳንቲሙን ይዞ ሲሰለፍ ቢያይ እርሱም ትንሽ ሲኒማ ቤት ከፈተ።

በ1908 ኤዲሰንና ባልንጀሮቹ የካሜራና የፕሮጀክተር ፓተንታቸውን አንድ ላይ አድርገው ማኅበር አቋቋሙ። ባለ ሲኒማ ቤት ሁሉ በየሳምንቱ ሁለት ዶላር የፈቃድ ካልከፈለ ፊልማቸውን አያገኝም ተባለ። ሌምሌ በ1909 መክፈሉን ተወ። ፊልም ሲከለከል ጊዜ የራሱን መሥራት ጀመረ፤ ክስ በክስ ላይ ቢከመርበትም አልተመለሰም። ያን ጊዜ ኩባንያዎች የተዋንያንን ስም ይደብቁ ነበር፤ ስሙ የታወቀ ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላላ! እርሱ ግን ፍሎረንስ ሎረንስን ወደ ራሱ ሳበና በ1910 ስሟን በጋዜጣ አወጣ።

በ1912 ከሌሎች ነጻ አምራቾች ጋር ዩኒቨርሳልን መሠረተ። በመጋቢት 1915 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ በ230 ኤከር መሬት ላይ፣ የፊልም ከተማ ከፈተ። ጎብኚ 25 ሳንቲም ከፍሎ ቀረጻውን ያይ ነበር፤ ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለ ነበር የተመልካች ጫጫታ አያስቸግርም። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት የኤዲሰንን ማኅበር ሕገ ወጥ ነው አለ።

ኩባንያው በ1930 ያወጣው «ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» የአንደኛውን የዓለም ጦርነት በጀርመን ወታደሮች በኩል ያሳየ ፊልም ነው። ኦስካር ተሸለመ። በርሊን ላይ ግን ናዚዎች አዳራሹ ውስጥ አይጥ ለቅቀው በጠበጡት፤ በጥቂት ቀንም ታገደ።

በ1936 ኩባንያው በዕዳ ምክንያት ከሌምሌ እጅ ወጣ። ፊርማው ግን አሁንም ዋጋ ነበረው። ወደ አሜሪካ ለመሻገር፣ ገቢው ሰው በመንግሥት ላይ ሸክም እንደማይሆን የሚያረጋግጥ የዋስ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀት መጠበቅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሌምሌ ለላውፕሃይምና ለአካባቢዋ አይሁድ፣ በመቶ ለሚቆጠሩ ሰዎች፣ ዋስ ሆኖ ፈረመ፤ ጭራሽ የማያውቃቸውም ነበሩባቸው። በ1938 በሽቱትጋርት የሚገኘው የአሜሪካ ቆንስል ዋስትናውን ለመቀበል ማስቸገሩን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለኮርዴል ሀል ጽፎ አመለከተ። በመስከረም 1939፣ ጦርነቱ በተነሣ በሦስት ሳምንቱ፣ ዐረፈ።