ሻሪው ማን ነው? ከንቲባዋን በፊርማ ያወረደችው ከተማ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የቆየው ተረት። በተረቱ ውስጥ ተሿሚ አለ። ከበላይ ሆኖ የሚሾምና የሚሽር ጌታም አለ። የሚበላበት ሕዝብ ግን የለም።

የመሻርን ሥልጣን ለነዋሪው በመስጠት ቀዳሚ ከሆኑት ከተሞች አንዷ፣ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሎስ አንጀለስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1903 ጆን ራንዶልፍ ሄይንስ በተባለ ሐኪም ጉትጎታ የከተማዋ ቻርተር ተሻሻለ። ነዋሪዎች በቂ ፊርማ ካሰባሰቡ፣ የመረጡትን ሹም የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ እንደገና ለድምፅ ማቅረብ ቻሉ። በ1909 ከንቲባ አርተር ሃርፐር ዘመቻው ሲበረታባቸው የድምፁን ቀን ሳይጠብቁ ለቀቁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በከንቲባ ፍራንክ ሾው ዘመን ነው። በ1930ዎቹ ቁማር ቤቶችና ሴተኛ አዳሪነት በፖሊስ ከለላ እንደሚሠሩ በከተማዋ በሰፊው ይወራ ነበር። የከንቲባው ወንድምና ጸሐፊ ጆ ሾው ደግሞ የመንግሥት ሥራና የፖሊስ ማዕረግ ይሸጣል ተብሎ ይታማ ነበር።

ይህን የተጋፈጠው ፖለቲከኛ አልነበረም። ክሊፈርድ ክሊንተን የምግብ ቤት ባለቤት ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን መክፈል ያልቻለውን በነፃ የሚያበላ ሰው። የአውራጃው መርማሪ ጉባኤ አባል ሆኖ ያየውን ሲያጋልጥ፣ በ1937 ቤቱ ላይ ቦምብ ፈነዳ። በጃንዋሪ 1938 ደግሞ ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረው የቀድሞ መርማሪ ሃሪ ሬይሞንድ መኪናው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ። ቦምቡን በማስጠመድ የተፈረደበት የከተማዋ ፖሊስ የስለላ ክፍል አዛዥ ካፒቴን ኧርል ካይኔት ነው። ሕግ አስከባሪው ራሱ ቦምብ ጠማጅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ነዋሪው ድንጋይ አላነሳም፤ ፊርማ አሰባሰበ። በሴፕቴምበር 16 ቀን 1938 በተሰጠው ድምፅ ሾው ወረዱ፤ ዳኛው ፍሌቸር ባውረን ተተኩ፤ እስከ 1953ም ከተማዋን መሩ። ሾው በዚህ መንገድ በድምፅ የወረዱ የመጀመሪያው የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ፍራንክ ሾው ራሳቸው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ አልተባሉም። ፍርድ ቤት ማስረጃ ይመዝናል፤ ሕዝብ ደግሞ እምነት ይመዝናል። እምነት የታጣበትን ሹም ለማውረድ ወህኒ እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ መሣሪያ በሐሜተኛና በተቀናቃኝ እጅም ሊወድቅ እንደሚችል አይካድም። መከላከያው የፊርማው ብዛት፣ ግልጽ ሥርዓትና ምስጢራዊ ድምፅ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 12 ላይ፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተዋል። ከንቲባን የሚመርጠው ግን በቀጥታ ነዋሪው ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ነዋሪው ሊጠይቅ የሚችለው በቅድሚያ ድምፁን የሰጠውን የምክር ቤት አባል ነው። ስንቱ ነዋሪ ነው የወከለውን ሰው ስም የሚያውቀው?

የሎስ አንጀለሱ አንቀጽ ለሾው ከመድረሱ በፊት 35 ዓመት በቻርተሩ ውስጥ ኖሯል። ሕጉ ብቻውን ማንንም አላወረደም። ያወረዱት ቦምብ እየፈነዳባቸው ፊርማ ያሰባሰቡ ሰዎች ናቸው።